ዕድላችን በአንድ ጣሳ

ጥቅምት 9 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ለአለቃዬ፣ ለልጄ፤

ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ሰላምታዬ ደጃፍሽ ይድረስ። አንቺም፣ ባለቤትሽም፣ ሁለቱ ወፎቼም ደህና እንደሆናችሁ አምናለሁ፤ ካልሆናችሁ ደግሞ እንዳትደብቁኝ። እኔ ደህና ነኝ። "አባዬ መቼም ደህና አይደለሁም ብሎ አያውቅም" እንዳትይ። ዛሬ ማስረጃ አለኝ።

ማስረጃው ይህ ደብዳቤ ነው። ማንም አልጻፈልኝም። ፊደሉ ዶሮ የጫረችው ቢመስልም የራሴ ነው፤ እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እጄን ይዛ ስታስተምረኝም ከዚህ አምሮ አያውቅም። በስልክ መንገር አቅቶኝ አይደለም። በስልክ አንቺ ታወሪያለሽ፣ ለእኔ የሚደርሰኝ "እሺ" እና "ኧረ በጭራሽ" ብቻ ነው። ወረቀት ግን አፍ የለውም፣ አያቋርጠኝም።

ባለፈው ስትደውዪ ሁለት ነገር ጠየቅሽኝ። "አባዬ፣ ዓይንህን የምትታከመው መቼ ነው?" አልሽ። ቀጥለሽ ደግሞ "ጠቅልለህ እኛ ጋ የምትመጣውስ?" አልሽ። እኔ እንደሆንኩ መምጣቱን በዓይኔ፣ ዓይኔን በሥራ ብዛት እያሳበብኩ ስንት ዓመት ገፋሁ። ጡረተኛ ምን ሥራ አለው ብለሽ አለመጠየቅሽ ጨዋነትሽ ነው። ዛሬ ሁለቱንም እመልስልሻለሁ። ግን ወሬው ከጥንቱ ካልተነሳ አይገባሽምና ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳትዘይ። አውቅሻለሁ።

ነገሩ የጀመረው በካርታ ነው።

ቆይ፣ አትቆጪ! በገንዘብ አንጫወትም። ከሰዓት በኋላ ፎቃችን ሥር ባለው የልብስ ሰፊው ሱቅ፣ ጨርቅ በሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ እንሰበሰባለን። የምናስይዘው የልብስ ቁልፍ ነው፤ ያ እንደሆነ ሞልቶታል። ሰፊውን ታውቂዋለሽ፣ የሠርግ ልብስሽን የሰፋው ነው። ፀጉር አስተካካዩንም ታውቂዋለሽ፤ የሠርግሽ ጠዋት ጢሜን ሲላጭ ወሬው አላልቅ ብሎ ያስረፈደኝ ሰውዬ። የማታውቂያቸው ዳይሬክተሯን ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት በጡረታ ወጥተው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ላይኛው ፎቅ የገቡ ሴት ናቸው። አሁንም ሲያዩን ደወል ተደውሎ ያረፈድን ይመስላቸዋል።

ጨዋታው ፖከር ነው። አምስት ካርታ ይሰጥሻል። ያመንሽበት ከሆነ ቁልፍ ትጨምሪያለሽ፣ ካላመንሽበት ካርታሽን ትጥያለሽ። በባዶ እጁ ቁልፍ ቆልሎ ሌላውን የሚያስፈራራም አለ። በሳምንቱ መጨረሻ ቁልፍ ያነሰው ሰው የፎቁን ደረጃ ከላይ እስከ ታች ይጠርጋል፣ የሁላችንንም አስቤዛ ይሸከማል። ቀላል እንዳይመስልሽ፤ አሳንሰሩ ከተበላሸ ቆይቷል።

እኔን የሚጠሩኝ "ፍሬን" ብለው ነው። ካርታ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማስበው ስለ መጣል ነዋ። ዕድሜውን ሙሉ ጭነት መኪና ይዞ ቁልቁለት የወረደ ሰው ፍሬን ቢወድ ምን ይደንቃል? ፀጉር አስተካካዩ ግን የእኔ ተቃራኒ ነው፤ ፍሬን የሚባል ነገር ሲፈጠር አልነበረውም። ሰፊው ከሁላችንም የበሰለ ተጫዋች ነው፤ ለክቶ ነው የሚቆርጠው።

እና አንድ ሰሞን ዕድል ሰፊው ላይ ጨከነች። ንጉሥ ሲይዝ እኛ አስ እንይዛለን፤ አስ ሲይዝ ደግሞ ሁላችንም ካርታ ጥለን ብቻውን ይቀራል። በልኩ ተጫውቶ፣ ምንም ሳያጠፋ፣ የአምናውን ክረምት ሙሉ ደረጃ የጠረገው እሱ ሆነ። ወገቡን ይዞ ሲወጣ ሲወርድ አንጀቴን በላኝ። ፀጉር አስተካካዩንም ሳይበላው አልቀረም፤ አንድ ቀን ካርታውን እየበወዘ፣

"ስሙኝማ፣ ለምን ዕድላችንን አንቀላቅልም?" አለ።

"እንዴት ነው የሚቀላቀለው? ሊጥ መሰለህ?" አለ ሰፊው።

"ሳምንቱ ሲያልቅ የሦስታችን ቁልፍ አንድ ጣሳ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ እኩል እንካፈላለን። አንዱ ሲከፋበት አንዱ ይለማለታል። ከወደቅንም አብረን እንወድቃለን፣ ደረጃውንም አብረን እንጠርጋለን።"

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩን።

"እርስዎም ይግቡ፣ እትዬ" አልኳቸው።

"አልገባም። ለሦስታችሁም ብቻዬን እበቃለሁ። ግን ካርታ መተያየት የለም፣ በዓይን መጣቀስ የለም፣ እርስ በርስ ስትጋጠሙም እንደ ጠላት ነው የምትጫወቱት። አለበለዚያ ይህ ካርታ ሳይሆን ሌብነት ነው።"

ተስማማን።

ልጄ፣ ዕድል ሲቀላቀል ሰው እንዴት እንደሚለዋወጥ ባየሽ! እኔ ፍሬኑ ደፋር ሆንኩ። ድሮ ወዲያው የምጥለውን ካርታ ይዤ እቆያለሁ፤ ብሸነፍ ኪሳራው ለሦስት ነው ብዬ። እና ጉድ በይ፣ ማሸነፍ ጀመርኩ! ለካ ስንቱን ጥሩ ካርታ በፍርሃት እየጣልኩ ነበር። ብልጠት ነው ብዬ ስኮራበት የኖርኩት ግማሹ ፍርሃት ነበር። ይህንን ስጽፍልሽ ደስ እያለኝ አይደለም፣ ግን ጽፌዋለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ለየለት። ድሮም ፍሬን የለውም፤ አሁን መሪውንም ለቀቀው። ምንም ሳይዝ ቁልፉን ይከምራል። "ምነው?" ስንለው፣ "ምን ችግር አለ፣ የጋራ ነው!" ይላል። የራሱ የነበረ ጊዜ እንኳ ትንሽ ያስብ ነበር። ምስኪኑ ሰፊ ጨዋታውን ትቶ ዘበኛ ሆነ። የራሱን ካርታ ሳይሆን የፀጉር አስተካካዩን እጅ ሲጠብቅ ይውላል። "አንተ ሰውዬ፣ በእኔ ቁልፍ ነው የምትቀልደው!" ይላል። "በሲሶህ ነው፣ አታጋን" ይለዋል ያኛው።

ትልቁ ውርደት ግን የመጣው አንድ ሐሙስ ነው። ዳይሬክተሯ ካርታቸውን አየት አደረጉና ያላቸውን ቁልፍ በሙሉ፣ እንዲያው በሙሉ፣ ወደ መሃል ገፉት። ፊታቸው ልክ ውጤት ሊያነቡ ሲሉ እንደሚሆነው ነው። እኔ ሁለት ንጉሥና ሁለት ስምንት ይዣለሁ፤ ደህና ካርታ ነው። ግን ለራሴ "ከእኔ የተሻለ ካርታ ያለው ሰፊው ይሆናል፣ እሱ ይጋፈጣቸው" አልኩና ጣልኩ። ሰፊው ሦስት አሥር ይዞ "ፀጉር አስተካካዩ መቼም አይመለስም፣ እሱ ይያዘው" ብሎ ጣለ። ፀጉር አስተካካዩ እኛ ሁለታችን ስንጥል ሲያይ "እነዚህ ያወቁት ነገር አለ" ብሎ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬን ያዘ።

ዳይሬክተሯ ካርታቸውን ገለጡት። ባዶ! አንድም የሚገጣጠም የለበትም።

"አቶ ፍሬን፣ ምን ይዘው ነበር?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ሰፊውንም ጠየቁት፤ ነገራቸው። እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኛ ሦስት ራስ ያለን አንድ ሰው ሆነናል ብለን ስንኩራራ፣ ለካ አንድም ራስ አልነበረንም።

በዚያው ቀን ጣሳውን ጨፍልቀን ልንጥል ነበር። ሰፊው ነው የከለከለን። መቀሱን አስቀመጠና፣ "ጥፋቱ መቀላቀሉ አይደለም፣ ልኩ ነው። ሁሉ የጋራ ሲሆን ማንም አያስብም። ሁሉ የግል ሲሆን ደግሞ ይኸው እንደ ፍሬን መርበትበት ነው። ግማሹ ጣሳ ውስጥ ይግባ፣ ግማሹ በየኪሳችን ይቅር" አለ። እኔ በምሳሌነቴ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ግን ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ፀጉር አስተካካዩ ትንሽ ማሰብ ጀመረ፣ እኔም ትንሽ መድፈር አልተውኩም፣ ሰፊውም ከዘበኝነት ተገላገለ። ዳይሬክተሯ አሁንም ያሸንፉን ነበር፤ ግን ላብ እያላባቸው።

እንግዲህ ወደ ዓይኑ መጣሁልሽ።

አንድ ቀን አምስት ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ "አምስቱም ልብ! በሉ ቁልፉን ወዲህ!" አልኩ። ሰፊው ጎንበስ ብሎ አየና፣ "አምስቱም ዳይመንድ ነው እንጂ፤ ለነገሩ አምስቱም አንድ ዓይነት ከሆነ ያው ታሸንፋለህ" አለ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ፣ "ምን ሆናችኋል? ሁለቱ ጥቁር አይደሉም እንዴ?" አለ። ተጨቃጨቅን። ጭቅጭቁ ሲብስ ዳይሬክተሯ አንድ ካርታ መዘው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው መስኮቱ ጋ አነሱት።

"ይህ ምንድነው?"

"የልብ ንጉሥ" አልኩ እኔ፣ ሳላመነታ።

"ንግሥት ናት" አለ ሰፊው።

"ቀለሙን ብቻ ልንገርዎት?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ጥቁር ስምንት ነበር። ዳይሬክተሯ ሦስታችንን አዩን፣ ካርታውን አዩ፣ እንደገና እኛን አዩ። "ይህን ሁሉ ጊዜ የምመካው ዕውሮችን አሸንፌ ነው?" አሉ።

ከዚያማ ጉዱ ሁሉ ወጣ። ሦስታችንም አንዳችን ከሌላው ደብቀን ነው የኖርነው! ሰፊው መርፌ ላይ ክር የሚያስገባለት መንገደኛ እያስቆመ "እጄ ዘይት ነክቶ ነው" እያለ ኖሯል። ፀጉር አስተካካዩ የሰው ጆሮ ጫፍ በምላጭ ነካ አድርጎ "ደም አለህ፣ ጤነኛ ነህ" ብሎ ሰውዬውን አስቆ ሸኝቷል። እኔም የአውቶቡሱን ቁጥር ትቼ በሾፌሩ አነዳድ ነበር የምለየው። እና ልጄ፣ ስንስቅ ቆይተን አንድ ነገር ታየኝ። ዕድል ነው እያልን ስንረግም፣ ዕድል ነው እያልን ስንካፈል የኖርነው፣ ግማሹ የዓይን ሞራ ነበር።

በማግሥቱ ዳይሬክተሯ እንደ አርፋጅ ተማሪ አሰልፈው ታክሲ ውስጥ ከተቱንና የዓይን ሐኪም ቤት ወሰዱን። ሐኪሟ የአንቺ እኩያ ትሆናለች። ተራ በተራ አየችንና፣ "ሞራ ነው፤ ይገፈፋል። በአንድ ዓይን እንጀምራለን። አብዛኛው ሰው በማግሥቱ ያያል። አልፎ አልፎ ግን ዓይኑ የሚቆጣበትና እይታው እንደታሰበው የማይመለስለት ሰው አለ" አለችን። ሐቀኛ ልጅ ናት። እኛ ግን የሰማነው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ታክሲው ውስጥ ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ሾፌሩ ሬዲዮ ከፈተ።

ሱቁ ስንደርስ ሰፊው፣ "እኔን እለፉኝ። ያ 'አልፎ አልፎ' የምትለው ሰውዬ እኔ ነኝ። የአምናውን ክረምት ያየ ያውቃል" አለ።

"አይ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

"ሁላችሁም ክብሩን አትሻሙ" አለ ፀጉር አስተካካዩ። ከዚያ ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረደና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

ስምምነታችን ይህ ነው፦ ፍርሃቱና ሕመሙ በየኪሳችን ይቀራል፤ ያንን ማንም አይካፈልልንም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ወደ ጣሳው ይገባል። ዓይኑ እምቢ ያለው ሰው ሱቁ እንዳይዘጋ፣ ደረጃ ላይ እንዳይወድቅ፣ ጋዜጣ ሳይነበብለት እንዳይውል፣ የዳኑት ኃላፊ ናቸው። ዳይሬክተሯ ቀስ ብለው ከኪሳቸው አንድ ቁልፍ አወጡና ጣሳው ውስጥ ጣሉ። "ዓይኔ ደህና ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ጉልበቴ ነው" አሉ። "በካርታው ግን አልቀላቀልም፣ እንዳይመስላችሁ!"

እና ልጄ፣ ገና ያልጠየቅሽኝንም እዚህ ላይ ልመልስልሽ። "እኔ ስለምንህ እምቢ ያልከውን፣ ለካርታ ጓደኞችህ እንዴት እሺ አልክ?" እንደምትይ አውቃለሁ። አንቺ ስትለምኚኝ ዕጣው የእኔ ብቻ ነበር፤ ቢከፋ ደግሞ ሸክሙ ያለው አንቺ ላይ ብቻ ነው፣ ያውም ከዚያ ሁሉ ርቀት፣ ከሁለት ልጆችና ከሥራ ላይ። ያንን ካርታ ስንቴ አንስቼ ስንቴ እንደጣልኩት አታውቂም።

የተገፈፍነው በአንድ ቀን ነው። ፀጉር አስተካካዩ ተጋድሞ እንኳ ዝም አላለም፤ ሐኪሟን "ልጄ፣ ምላጩን ትንሽ ዘንበል አድርጊው፣ እጅሽንም አታድርቂው" ሲላት በመጋረጃው ወዲያ ይሰማኛል። እሷም "እሺ አባቴ፣ ወሬውን ግን ይቀንሱልኝ" ትለዋለች።

በማግሥቱ ፋሻው ተፈታ። መጀመሪያ የእኔ። ልጄ፣ ነጭ ማለት ምን እንደሆነ ረስቼው ነበር! የነርሷ ጋውን ዓይኔን ሊወጋኝ ደረሰ። ዞር ስል ሰፊውን አየሁት። "አንተ፣ እንዲህ አርጅተህልኛል እንዴ?" አልኩት። የእሱም ሲፈታ ትኩር ብሎ አየኝና፣ "ቆይ፣ መስታወት ያምጡልህ" አለኝ።

ሦስተኛው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ፋሻው ተነሳ። ፊቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ። ከዚያ "መብራቱን አብሩልኝ እንጂ" አለ።

መብራቱ በርቶ ነበር።

ዓይኑ ተቆጥቶበታል። በተገፈፈው ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ከዚያ አያልፍም። ሌላኛው ደግሞ ገና ሞራውን እንደለበሰ ነው። ሐኪሟ ይኼኛው እስኪበርድ ጠብቀን ያኛውን እንሞክራለን ብላለች። እኛ ሁለታችን አልጋው ግራና ቀኝ ቆመናል። እሱ ነው ያጽናናን። "እኔ ላይ መውደቁ ይሻላል። ከእናንተ በአንዱ ቢሆን ለቅሶው አያስቀምጠንም ነበር" አለ። ከዚያ እጁን ዘረጋና፣ "በሉ፣ ድርሻዬን አምጡ" አለ።

አሁን እየከፈልን ነው። ሰፊው ምሳ ያደርስለታል፣ ልብሱን ይተኩስለታል። ዳይሬክተሯ ጋዜጣ ያነቡለታል፤ ያላዳመጠውን ደግመው ይጠይቁታል። እኔ ደግሞ ጠዋት ፀጉር ቤቱን አብሬው እከፍታለሁ። ምላጩን ተቀብዬ ቆልፌበታለሁ፤ ማሽኑን ብቻ ነው የተውኩለት። እጁ እንደሆነ ሥራውን አልረሳም። እኔ ከወንበሩ ኋላ ቆሜ፣ ድሮ ረዳቴ ከባዱን መኪና ወደ ኋላ ሲያስገባልኝ እንደሚለው፣ "ና፣ ና፣ ወደ ግራ፣ ና... ቁም! ጆሮ ደርሰሃል!" እለዋለሁ። መጀመሪያ ቀን አንድ ደንበኛ ብቻ መጣ፣ እሱም ሳያውቅ። ዛሬ ግን ወረፋ አለ። የሚመጡት ለፀጉሩ ይሁን ለሳቁ እንጃ፤ ብቻ ሁሉም እንከን ሳይነካው ወጥቷል፣ ጎፈሬው ትንሽ ወደ ግራ ካዘነበለበት አንድ ሰው በስተቀር። እሱም የእኔ ጥፋት ነው፤ እያስነጠሰኝ ነበር።

እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄሽ ቀረ። ዓይኔ ድኗል፣ ሰበብ የለኝም። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ፣ "ሂድ አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ እየጠበቀችህ ነው፤ ለእኔ ብለህ አትቅር" ብሎኛል። ዓይን የሌለኝ መስሎት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የተናገረው።

አልመጣም፣ ልጄ። አሁን አልመጣም፣ ጠቅልዬማ ጭራሽ። የእኔ ዓይን ቢሆን እምቢ ያለው፣ ይኸኔ ከጣሳው እየተቀበልኩ የምኖረው እኔ ነበርኩ። ድርሻዬን ተቀብዬ ጨዋታው መሃል ልነሳ? ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፦ እናንተ ጋ ብመጣ ሁላችሁ ትደግፉኛላችሁ፤ እዚህ ግን የምደግፈው ሰው አለ። አባትሽ መደገፍ አይወድም፣ ይህን ከማንም በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። ልታኮርፊ ትችያለሽ። እንደሚገባሽ ግን አውቃለሁ፤ እልሁንም ቢሆን ከእኔ ነው የወረስሽው።

ሌላ ወሬ የለም። ብቻ አዲሱ ዓይኔ ቤቱን አጋለጠብኝ። የአንቺ ክፍል ግድግዳ እንዲያ ጠቁሮ እንደነበር ማን ያውቃል? አፈርኩ። ባለፈው ሳምንት ቀለም ገዝቼ ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት፤ ውሃ ሰማያዊ ነው፣ ጥሩ ወጥቷል። አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት፣ ጎኑ ላይ ለትንሽ አልጋ የሚሆን ቦታ ተረፈ። መጋረጃውን ሰፊው ሰፋልኝ፤ ሲያመጣው ሁለት ትንንሽ ትራስ ጨምሮበታል። "ይኼ ለማን ነው?" ብለው፣ "ጨርቅ ተርፎኝ ነው" አለኝ። ይህን የምነግርሽ ስለ ቀለሙ ነው፤ ሌላ ምንም አላልኩም።

እንግዲህ የሄዳችሁበት መንገድ ሁሉ ይቃናላችሁ። የባለቤትሽን እጅ ሥራው ያጥግበው፣ አንቺንም ከድካምሽ የሚበልጥ ደስታ ይስጥሽ። ሁለቱ ወፎቼ ከእኔ የሚረዝም ዕድሜ፣ ከእኔ የሚያምር ጽሕፈት ይኑራቸው። ግንባራቸውን ሳሚልኝ።

አባትሽ

የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋው መቼ ነው? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።